እግርን ከመጋዝ ያዳነች ቀጭን ቱቦ

(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ከመሥሪያ ቤት ወጥታችሁ ከአንድ ባልንጀራችሁ ጋር እየተጫወታችሁ ዳገቱን ስትወጡ ባልንጀራችሁ ድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል እንበል። የሱቅ መስኮት የሚመለከት መስሎ ሁለት ሦስት ደቂቃ ካረፈ በኋላ እንደ ደኅና ሰው መንገዱን ይቀጥላል፤ የመጀመሪያውን ያህል ርቀት ከተጓዘ በኋላ ግን ዳግመኛ ይቆማል። ምን ሆንህ ብላችሁ ብትጠይቁት «ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ» ይላችኋል። እናንተም እንደ ልማዳችን «ብርድ ነው፤ ቅባት ታሽበት» ትሉታላችሁ፤ ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ እንደ ሆነም «እርጅና ነው» ብላችሁ ታጽናኑታላችሁ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ታሪክ ከዚህ ቀላል ከሚመስል ሕመም የሚነሣ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ይህን ሕመም ቀድመው በጽሑፍ ከገለጡት ሰዎች አንዱ የከብት ሐኪም ነበር። በ1831 ዓ.ም. ቡሌ የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም፣ ጥቂት ከሮጠ በኋላ በኋላ እግሩ የሚያነክስ፣ ሲያርፍ ደግሞ የሚሻለው ፈረስ አጋጠመው። ነገሩን ቢመረምር ወደ ኋላ እግሮቹ የሚወርደው የደም ሥር ተዘግቶ አገኘው። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ስመ ጥሩው የፓሪስ ሐኪም ሻርኮ በሰው ላይም ነገሩ ያው መሆኑን ጻፈ። የአውሮፓ ሐኪሞች እስከ ዛሬ ለሕመሙ የሚሰጡት ስም በላቲን ቋንቋ «ማነከስ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። ከልብ የሚነሣው ትልቁ የደም ሥር ወደ ታች ወርዶ በእምብርት አቅጣጫ ለሁለት ይከፈልና ወደ ሁለቱ እግሮች ይወርዳል፤ ጭንን አልፎ፣ ከጉልበት በስተኋላ ተሻግሮ፣ ከጉልበት በታች በሦስት ቅርንጫፎች ተከፋፍሎ እስከ ጣቶች ይደርሳል። በዚህ ሥር ውስጥ ስብና ኖራ የመሰለ ነገር እየተጋገረ በሄደ መጠን መተላለፊያው ይጠብባል። ሰው ተቀምጦ ሳለ የእግር ጡንቻ የሚፈልገው ደም ጥቂት ስለ ሆነ ምንም አይሰማውም፤ በሚራመድበት ጊዜ ግን ጡንቻው ብዙ እጥፍ ደም ይጠይቃል፤ ጠባቡ ሥር ይህን ሊያደርስለት አይችልም። ማለዳ ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧ ሲከፍት በአንዱ ግቢ ውሃው እንደ ክር የሚቀጥንበትን ሁኔታ የምታውቁ ሰዎች ነገሩን ለመረዳት አትቸገሩም።

ሕመሙ በመራመድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ከሆነ እግሩ ገና በአደጋ ላይ አይደለም። መተላለፊያው ይበልጥ የጠበበ እንደ ሆነ ግን ሕመሙ በእረፍትም ይመጣል፤ በሽተኛው ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ እግሩን ከአልጋው ወደ ታች አንጠልጥሎ ያድራል፤ ደሙ በክብደቱ ጥቂት ወደ ታች ስለሚወርድለት ይህ ያሳርፈዋል። ከዚያ በኋላ በጣት ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ትላለች፤ ጣቱ ይጠቁራል፤ ሥጋው ይሞታል። ትንባሆ የሚያጨስ ሰውና የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ ወደዚህ ደረጃ ለመድረስ የቀረበ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ነርቩ ስለሚደነዝዝ ሕመሙን ሳይሰማው ቁስሉን ብቻ ያያል፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል።

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ እግሩ ከዚህ ደረጃ ለደረሰ ሰው የሐኪሞች ዋናው መልስ መጋዝ ነበር። በ1946 ዓ.ም. በሊዝበን ከተማ ዡዋው ሲድ ዶስ ሳንቶስ የተባለው ቀዶ ጠጋኝ የተዘጋውን ሥር ከፍቶ በግድግዳው ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ ፍቆ ለማውጣት ቻለ። ሁለት ዓመት ዘግይቶ ዣን ኩንሊን በፓሪስ ከዚያ የሚልቅ ብልሃት አገኘ፤ ይኸውም ከበሽተኛው ከራሱ እግር ደም መላሽ ሥር ቆርጦ አውጥቶ፣ ከተዘጋው ስፍራ በላይና በታች ሰፍቶ፣ ለደሙ ተዘዋዋሪ መንገድ ማበጀት ነው። ይህ ሥራ ዛሬም በዓለም ሁሉ ይሠራል፤ ወደ መጨረሻው እንደምንመለከተውም ገና አልተሻረም።

ነገር ግን እንዲህ ያለውን ረጅም ቀዶ ሕክምና ለመቻል በሽተኛው ብርቱ መሆን ይገባዋል። የእግሩ ሥር የተዘጋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሽማግሌ ነው፤ የእግሩን ሥር የዘጋውም ነገር የልቡን ሥር ሳይነካ አይቀርም። ስለዚህ ማደንዘዣውን አይችልም ተብሎ ወደ መጋዙ የሚመለሰው ሰው ቍጥር ብዙ ነበር። ከዚህ መከራ የሚያወጣው መንገድ የተገኘው ቢላዋ ከያዙት ዘንድ አልነበረም። ራጅ ያነሡ ከነበሩት ነው፤ እነርሱም ሥራቸው ማየት እንጂ ማዳን አልነበረም።

የደም ሥር በተራ ራጅ አይታይም። እንዲታይ ከተፈለገ ራጁ የማያልፍበት ፈሳሽ በውስጡ መጨመር አለበት። በ1927 ዓ.ም. ኤጋስ ሞኒስ የተባለ የሊዝበን ሐኪም የአንጎልን የደም ሥሮች በዚህ ዓይነት አሳየ፤ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ በዚያችው ከተማ ሬናልዶ ዶስ ሳንቶስ በጀርባ በኩል ረጅም መርፌ ወግቶ ትልቁን የሆድ ደም ሥር በፎቶግራፍ አነሣ። ይህ ሰው ከላይ የጠቀስነው የቀዶ ጠጋኙ አባት ነው፤ አባትየው የታመመውን ሥር አሳየ፣ ልጁ ጠረገው ማለት ነው።

በዚያው በ1929 ዓ.ም. በጀርመን አገር ኤበርስቫልደ በምትባል ትንሽ ከተማ ቬርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ሐኪም ለአለቆቹ አንድ እንግዳ አሳብ አቀረበ። በክንድ ደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ ልብ ለማድረስ ፈለገ። አለቃው ከለከለው። ሆኖም መሣሪያዎቹን የምትጠብቀውን አስታማሚ አግባብቶ ፈቃዷን አገኘ፤ እርስዋም በእኔ ላይ ሞክረው አለችው። እርሱ ግን በጠረጴዛው ላይ ካሰራት በኋላ በእርስዋ ክንድ የሚሠራ መስሎ በስውር የራሱን ክንድ በስቶ 65 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቱቦ አስገባ። ከዚያም ቱቦው በክንዱ እንዳለ በእግሩ ደረጃውን ወርዶ ወደ ራጅ ክፍል ሄደና የቱቦው ጫፍ በልቡ ውስጥ መሆኑን የሚያሳይ ፎቶግራፍ አስነሣ። ስለዚህ ድፍረቱ ከሙገሳ ይልቅ ነቀፋ በዛበት፤ ኋላም የልቡን ነገር ትቶ የሽንት መሥመር ሐኪም ሆነ። በ1956 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ሽልማቱን የተካፈሉት በኒውዮርክ ሆነው ሥራውን ያስፋፉት አንድሬ ኩርናንና ዲክንሰን ሪቻርድስ ነበሩ።

ፎርስማን ቱቦውን ያስገባው ሥሩን በቢላዋ ገልጦ ነበር። ይህን ያስቀረው በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ሐኪም የሆነው ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር ሲሆን፣ አሠራሩን በ1953 ዓ.ም. አሳተመ። ነገሩ አንድ ብልህ ልብስ ሰፊ ያሰበው የሚመስል ነው። በመጀመሪያ ብሽሽት ላይ የደም ሥሩ በመርፌ ይወጋል፤ በመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ተጣጣፊ ሽቦ ይገባል፤ መርፌው ወጥቶ ሽቦው ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ ቱቦው በሽቦው ላይ ተሰክቶ እየተንሸራተተ ይገባል። ሽቦው ይወጣል፤ ቱቦው በቦታው ይቀራል። የሚቀረው ቁስል መርፌ የወጋው ቀዳዳ ብቻ ነው። ሴልዲንገር በዚህ ሥራ የዶክትርና ማዕርግ ለማግኘት ቢያስብ ለመመረቂያ የማይበቃ ቀላል ነገር ነው ተብሎ ሌላ ርእስ እንዲፈልግ መደረጉ ይነገራል። ዛሬ በዓለም ላይ ይህን ቀላል ነገር የማያውቅ የደም ሥር ሐኪም የለም።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ደረስን። ቻርለስ ዶተር በ1920 ዓ.ም. በቦስተን ተወልዶ፣ በ32 ዓመቱ በፖርትላንድ ከተማ የኦሬጎን ሕክምና ትምህርት ቤት የራጅ ክፍል አለቃ ሆነ። እረፍት የማያውቅ ሰው ነበር። በአገሩ ዋና ምድር ከ14,000 ጫማ በላይ ከፍታ ያላቸውን 67 ተራሮች ሁሉ ወጥቶአል። ቱቦዎቹን በእጁ፣ በእሳት እያለሰለሰ ይሠራ ነበር፤ የጊታር ክርና የአውቶሞቢል ፍጥነት መለኪያ ገመድ ሳይቀር ለመሣሪያ ያውል እንደ ነበረ ይተረካል። የማይወዱት ሰዎች «እብዱ ቻርሊ» ይሉት ነበር፤ የሚወዱትም እንዲሁ።

በ1963 ዓ.ም. ዶተር የአንድ በሽተኛን የሆድ ደም ሥር ለማሳየት በብሽሽት በኩል ቱቦውን ወደ ላይ ሲያሳልፍ፣ ቱቦው ሳይታሰብ በተዘጋ ሥር ውስጥ ሰንጥቆ አለፈ፤ ሥሩም ተከፈተ። ሌላ ሰው ቢሆን ደኅና አለፍን ብሎ ዝም ባለ ነበር። እርሱ ግን በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ካርሎቪ ቫሪ በምትባለው የቼኮስሎቫክያ ከተማ በተደረገው የራጅ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ፣ ቱቦው ከእንግዲህ ወዲያ ማሳያ ብቻ ሳይሆን በቀዶ ጥገና ፈንታ መፈወሻ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። የቀረው የሚፈቅድ በሽተኛ ማግኘት ብቻ ነበር።

የተገኘችው በሽተኛ የ82 ዓመት ባልቴት ናት። ግራ እግርዋ ቆስሎ፣ ጣቶችዋ ጠቁረው፣ ሕመሙ ከአልጋ አውሎአት ነበር። ሐኪሞቹ ሁሉ እግሩ ይቆረጥ ብለው ፈረዱ፤ እርስዋ ግን አሻፈረኝ አለች። ፎቶግራፉን ባነሡት ጊዜ በጭንዋ ታችኛው ክፍል በሥሩ ላይ አጭር ጥበት ታየ። ለዶተር ሙከራ የዚህን ያህል የተመቸ ጥበት አይገኝም። ሌላ አማራጭ ስላልነበረ ቀዶ ጠጋኞቹ ፈቀዱለት።

ጃንዋሪ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ዶተር ከሥራ ባልደረባው ከሜልቪን ጀድኪንስ ጋር ሆኖ በሴልዲንገር መንገድ ሽቦውን በጥበቱ ውስጥ አሳለፈ። በሽቦው ላይ ከቴፍሎን የተሠራ ጫፉ የሾለ ቱቦ ላከ፤ በዚያ ላይ ደግሞ ከእርሱ የሚወፍር ሌላ ቱቦ ደርቦ ላከ። የተጋገረው ቆሻሻ ወደ ግድግዳው ተጠቅጥቆ መንገዱ ሰፋ። በሽተኛዋ አልተኛችም፤ የተደነዘዘው መርፌው የገባበት ቦታ ብቻ ነው። ሥራው ባለቀ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀዝቅዞ የነበረው እግር ሞቀ። በሳምንት ውስጥ ሕመሙ ለቀቃት። ሞተው የነበሩት ሦስት ጣቶች በራሳቸው ጊዜ ወደቁ፤ ቁስሉ ሻረ። ከዚያ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ኖራ በሌላ በሽታ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ በሁለት እግሮችዋ ትሄድ ነበር።

ዶተርና ጀድኪንስ ይህንና ከዚህ በኋላ ያደረጉአቸውን ሙከራዎች በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ሰርኩሌሽን በተባለው የልብና የደም ሥር መጽሔት አሳተሙ። አንባቢ ከዚህ በኋላ ዓለም ሁሉ አጨበጨበላቸው ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። በአሜሪካ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ቀዶ ጠጋኞች አንድ ራጅ አንሺ በእነርሱ ግዛት ገብቶ ሲሠራ ማየቱን አልወደዱትም። አንድ ቀዶ ጠጋኝ በሽተኛ በላከበት ወረቀት ላይ፣ ሥሩን እንዲያሳይ እንጂ ለመጠገን እንዳይሞክር በትልልቅ ፊደል ጽፎ እንደ ላከለት በታሪክ ቀርቶአል። በመሥሪያ ቤት ያለን ሰዎች እንዲህ ያለውን የሥልጣን ድንበር ጠብ ከሌላው ሰው ይልቅ እናውቀዋለን፤ ሆኖም በዚያ ወረቀት ላይ የሚያከራክረው መዝገብ አልነበረም፤ የሰው እግር ነበር።

በፍርድ ሚዛን ለመናገር፣ ተቃዋሚዎቹ ፈጽሞ ምክንያት አልነበራቸውም አይባልም። የዶተር ቱቦ ወፍራም ስለ ነበረ የሚገባበት ቀዳዳ ሰፊ ነበር፤ ሲገፋም የተጋገረውን ቆሻሻ ከፊቱ እየቦረቦረ ሊወስድ ይችል ነበር፤ የተከፈተውም ሥር ብዙ ጊዜ እንደ ገና ይጠብብ ነበር። ይህን ጉድለት ለማረም መሥራት እንጂ ሥራውን መከልከል አይገባም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ያረሙትም ሰዎች በውቅያኖሱ ማዶ ተገኙ።

በጀርመን አገር ኤበርሃርድ ዘይትለር የዶተርን አሠራር ተቀብሎ በብዙ ሕሙማን ላይ ሠራበት፤ በአውሮፓ ሐኪሞች ዘንድ የሰውየው ስም ራሱ ግሥ ሆኖ ሥርን በቱቦ ማስፋት «መዶተር» ይባል ጀመር። ከዘይትለር ዘንድ ከተማሩት አንዱ በ1939 ዓ.ም. በድሬስደን የተወለደው አንድሬአስ ግሩንቲሲግ ነው። ይህ ሰው በስዊስ አገር በዙሪክ ሆስፒታል ሲሠራ፣ ወፍራም ቱቦ ከመግፋት ይልቅ ጠባቡ ስፍራ ከደረሰ በኋላ የሚነፋ ፊኛ በቱቦው ጫፍ ቢኖር የሚል አሳብ መጣበት።

በቱቦ ጫፍ ላይ ፊኛ ማሰር ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ቶማስ ፎጋርቲ የተባለው አሜሪካዊ ገና ተማሪ ሳለ የሐኪም ጓንት ጣት ቆርጦ በቱቦ ላይ አስሮ፣ በሥር ውስጥ የረጋን ደም ጎትቶ የሚያወጣ መሣሪያ አበጅቶ በ1963 ዓ.ም. አሳውቆአል። የጎማ ፊኛ ግን ለማስፋት አይሆንም፤ ቢነፉት ኃይሉን በተጋገረው ቆሻሻ ላይ ከማሳረፍ ይልቅ ክፍት ወደ ሆነው ወገን ያብጣል። የሚያስፈልገው እስከ ተወሰነለት ስፋት ድረስ ተነፍቶ ከዚያ አላልፍም የሚል ጠንካራ ፊኛ ነበር። ግሩንቲሲግ ከሥራ ሰዓት በኋላ በቤቱ ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከባለቤቱና ከረዳቱ ጋር እየተቀመጠ ምሽቱን ሁሉ ቱቦ ይቆርጥ፣ ሙጫ ይቀባ፣ ክር ያስር ነበር። ጡረታ የወጣ አንድ የዙሪክ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለውን ፕላስቲክ እንዲሞክር መከረው፤ በእርሱም የፈለገው ፊኛ ሆነለት። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1974 ዓ.ም. ጥቂት ሲራመድ ባቱን ለሚያመው የ67 ዓመት ሰው የጭኑን ሥር በዚህ ፊኛ አሰፋለት።

ግሩንቲሲግ በእግር አልቆመም። መሣሪያውን አሳንሶ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. በዙሪክ የ38 ዓመት ሰው የልብ ደም ሥር ከፈተበት፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ዝናው በዓለም ናኘ። ዛሬ ብዙ ሰው ስለ ልብ ፊኛ ሰምቶአል፤ አሠራሩ አስቀድሞ በእግር ላይ የተፈተነ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ልብ የዝና ዕድል አላት፤ እግር የላትም። ግሩንቲሲግ በ1980 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በአትላንታ ሲያስተምር ቆየና ኦክቶበር 27 ቀን 1985 ዓ.ም. ራሱ ያበርረው በነበረ አውሮፕላን ወድቆ ከባለቤቱ ጋር ሞተ። ዶተርም በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር አርፎ ነበር፤ ጀድኪንስም እንዲሁ። ይህን ሥራ የመሠረቱ ሦስት ሰዎች በአንድ ዓመት አለቁ።

ፊኛው ሥሩን ያሰፋል፤ ነገር ግን ሲወጣ ሥሩ ተመልሶ ሊሰበሰብ ይችላል። ለዚህም ድጋፍ ያስፈልገዋል የሚለውን አሳብ ቀድሞ የሞከረው ያው ዶተር ነው፤ በ1969 ዓ.ም. በውሾች እግር የደም ሥር ውስጥ እንደ ምንጭ የተጠቀለለ ሽቦ አስገብቶ ውጤቱን አሳተመ። ለሰው የሚሆነውን በስፋት ያደረሰው ግን ትውልዱ ከአርጀንቲና የሆነው ሁልዮ ፓልማዝ ነው። ፓልማዝ ግሩንቲሲግ ሲናገር ሰምቶ ሲያሰላስል፣ አንድ የግንበኛ ሠራተኛ በጋራዡ ትቶት የሄደ ለግድግዳ ልስን የሚሆን የብረት ወንፊት አየና ሲለጥጡት ቀዳዳው የሚሰፋ፣ ሰፍቶም የሚቀር የብረት ቱቦ ለመሥራት መነሻ ሆነው። ስቴንት የሚባለው ይህ ነው። በ1991 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዳሌ በኩል ለሚያልፈው ሥር እንዲውል ፈቀደ።

የዳሌው ሥር ሰፊና ብዙ የማይንቀሳቀስ ስለ ሆነ ስቴንቱ በዚያ በደንብ ይቆያል። የጭንና የጉልበት ሥር ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው በተቀመጠ፣ በተነሣ፣ ደረጃ በወጣ ቍጥር ይህ ሥር ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል፣ ይጨመቃል፤ የብረቱም ወንፊት ሲውል ሲያድር ይሰበራል። ስለዚህ ከኒኬልና ከቲታንየም የተዋሐደ፣ ቢያጥፉት ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመለስ ብረት ተፈለገለት። በዚህ ብረትም ላይ ቢሆን ዶተር በ1983 ዓ.ም. ሙከራውን አሳትሞ ነበር፤ የዚህ ሰው እጅ ያልነካው በር አይገኝም።

ሁለተኛው ችግር ሥሩ ለተደረገበት መለጠጥ እንደ ጠባሳ ያለ ሥጋ አብቅሎ ራሱን መልሶ መዝጋቱ ነው። ይህን ለማስቆም ፊኛውንና ስቴንቱን ፓክሊታክሰል በሚባል መድኃኒት መቀባት ተጀመረ፤ መድኃኒቱ በመጀመሪያ የተገኘው በዶተር አገር በኦሬጎን ጫካ ሳይቀር ከሚበቅል ዛፍ ቅርፊት ሲሆን፣ ቀድሞ የሚታወቀው በካንሰር ሕክምና ነው። በ2018 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ግን የብዙ ጥናቶችን ውጤት የደመረ አንድ ጽሑፍ፣ መድኃኒት በተቀባ መሣሪያ የታከሙ ሰዎች ከዓመታት በኋላ በብዛት እንደሚሞቱ ገለጠ። ድንጋጤ ሆነ፤ ብዙ ሐኪሞች መሣሪያውን አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የብዙ ሺህ ሰዎች መዝገብ ተመርምሮ፣ በ2023 ዓ.ም. ያው የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማስረጃው የሞትን መብዛት አያመለክትም ብሎ ማስጠንቀቂያውን አነሣ። ነገሩን ያነሡትን ሰዎች ግን ስለ ፈጠሩት ድንጋጤ ልነቅፋቸው አልወድም፤ ያዩትን መናገር ነበረባቸው።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ጥቂት ወጣ ብዬ አንድ ነገር ላሳስባችሁ። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ባቱን ባመመው ቁጥር ቱቦና ፊኛ ይገባልኝ ማለት የለበትም። በ1966 ዓ.ም. ላርሰንና ላሰን የተባሉ ሁለት የዴንማርክ ሐኪሞች፣ ሲራመዱ ባታቸውን የሚያማቸው ሰዎች በየቀኑ ሕመሙ እስኪመጣ እየሄዱ፣ እያረፉ፣ እንደ ገና እየሄዱ ቢለማመዱ የሚራመዱት ርቀት እንደሚጨምር በጥናት አሳይተዋል፤ በኋላ የተደረጉትም ብዙ ጥናቶች ይህን አጽንተዋል። ስለዚህ በመራመድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ሕመም ላለበት ሰው የመጀመሪያው ሕክምና ትንባሆን መተው፣ የደም ግፊትን፣ ስብንና ስኳርን በመድኃኒት መግራት፣ በእግር መሄድም ነው። ምርመራውም ቀላል ነው፤ ሐኪሙ የእግሩን ጀርባ በጣቱ ዳስሶ ትርታውን ይፈልጋል፤ በቁርጭምጭሚት የሚለካው የደም ግፊት በክንድ ለሚለካው ሲካፈል ከ0.90 በታች ከሆነ ሥሩ መጥበቡን ይረዳል። ሌሊት የሚያነቃ ሕመም፣ የማይድን የጣት ቁስል ወይም የጠቆረ ጣት ያለው ሰው ግን ቀን መቁጠር አይገባውም፤ ዶተር ያን ሁሉ የደከመው ለእንዲህ ዓይነቱ እግር ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ እግር ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ቱቦው ወይስ የኩንሊን ተዘዋዋሪ መንገድ? ከዶተር ቀን ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሁሉም በየእምነቱ ይከራከር ነበር እንጂ በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የመረመረ ትልቅ ጥናት አልነበረም። በ2005 ዓ.ም. የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ያወጡት ጥናት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሁለቱ መካከል ብዙ ልዩነት አላገኘም። በ2022 ዓ.ም. ቤስት ሲኤልአይ የተባለው 1,830 ሰዎች ያሉበት ጥናት ታተመ፤ ለመስፊያ የሚሆን ደኅና ደም መላሽ ሥር በእግራቸው ከነበራቸው ሰዎች መካከል በቀዶ ሕክምና ከታከሙት ከመቶ 42.6፣ በቱቦ ከታከሙት ግን ከመቶ 57.4 ወይ ሞተዋል ወይም እግራቸው ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። የ1948ቱ ብልሃት አሸነፈ ማለት ነው። በቱቦው ታሪክ ተማርከን እዚህ ለደረስን ሰዎች ይህ ደስ የማይል ወሬ ነው፤ ቢሆንም አለመናገር አይቻልም።

ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ በ2023 ዓ.ም. ባዚል ሁለት የሚባለው የእንግሊዞች ጥናት ወጣ። ይህ ጥናት የመረመረው ሥራቸው ከጉልበት በታች የተዘጋባቸውን 345 ሰዎች ነው። በዚህኛው በቀዶ ሕክምና ከተጀመረላቸው ከመቶ 63፣ በቱቦ ከተጀመረላቸው ከመቶ 53 እግራቸው ተቆርጦአል ወይም ሞተዋል፤ በቀዶው ወገን የበዛውም ሞቱ ነው። አንዱ ጥናት ደኅና ደም መላሽ ሥር ያለውን ሰው ወደ ቀዶ ጠጋኙ ሲልክ፣ ሌላው ከጉልበቱ በታች የተዘጋበትን ሰው ወደ ቱቦው ይልካል፤ ሁለቱም ነገር በአንድ እግር ላይ የተገናኘበት ሰው ግን ብዙ ነው። የደም ሥር ሐኪሞች ይህን ጽሑፍ በምታነቡበት ጊዜም በዚህ ነገር ላይ እየተከራከሩ ናቸው፤ በብዙ ሆስፒታሎችም ቀዶ ጠጋኙና ራጅ አንሺው የአንዱን በሽተኛ ፎቶግራፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ስለ ልቡ፣ ስለ ዕድሜውና ስለ ቀረለት ደኅና ሥር አብረው ተነጋግረው ይወስናሉ።